በልጄ ስም የወጣ ደቦ

መስከረም 15 ቀን 2001 ዓ.ም.
ፎገራ፣ ከወረታ ወደ ይፋግ መንገድ ዳር

ለምወድሽ ልጄ ለፀገነት አለኸኝ
ሐረማያ

ልጄ ፀገነት፣ ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔም ቄስ ትምህርት ቤት ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ የጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ በጤና የሚጀምር ነው። ዛሬ ግን ጤናሽን ልጠይቅ ብዬ እስክሪብቶ ሳነሣ እጄ አልታዘዝ አለኝ። አፍሬ ነው። ለምን እንዳፈርኩ እነግርሻለሁ፤ ብቻ ሳትጨርሺ ወረቀቱን እንዳትጥዪው። እናትሽ ደህና ናት፣ ከብቶቹ ደህና ናቸው፣ ርብ ወንዝም ዘንድሮ ሞልቶ አልበደለንም። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ስትደውዪ «አባዬ፣ አረሜ እንዴት ነው?» ብለሽ ጠየቅሽኝ። እኔም «ጎምርቷል፤ ወገብ ደርሷል» አልኩሽ። «እንዳንተ ያለ ጠባቂ ከየት ይገኛል!» ብለሽ የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ውሸቴን ነው ልጄ። አረምሽ የለም። ማሳሽ እንደ ሰርግ ቤት ደጅ ጸድቶ የቀረው ሩዙ ብቻ ነው። ያን ለት እናትሽ ስልኩን አልቀበልም ያለችው ሥራ ይዟት አልነበረም። ካነጋገረችሽ እንደኔ እንዳትዋሽ ፈርታ ነው።

ከሥሩ ልንገርሽ። በሐምሌ ወደ ትምህርትሽ ስትመለሺ ያን አስፋልት ዳር ያለውን ማሳ አደራ ብለሽኝ ሄድሽ። በገመድ ከፋፍለሽ፣ ችካል ተክለሽ፣ ይኼኛው አንዴ ይታረም፣ ይኼኛው ሁለቴ፣ ያኛው ግን እስከ አጨዳ ድረስ እጅ እንዳይነካው ብለሽ አሳየሽኝ። ያልታረመ ከሌለ አረሙ ከሩዙ ምን ያህል እንደሚበላ፣ የትኛውስ ሣር ቀድሞ እንደሚያንቀው በምን ይታወቃል ስትይኝ ገባኝ። እውነቴን ነው፣ ገብቶኝ ነበር። የሰርዶውን፣ የእንግጫውን፣ የአሜከላውን ስም የነገርኩሽ እኔ አይደለሁ? ያን ሩዝ የሚመስለውን ሣር፣ ዘለላው እስኪወጣ ዓይን የሚያታልለውን እንኳ፣ አብረን ጎንበስ ብለን ነው የለየነው። ይኼ ዓመት ካመለጠሽ መመረቂያሽም እንደሚያመልጥሽ ነግረሽኝ ነበር። ይኼን ሁሉ አውቄ ነው እንግዲህ።

የማሳሽ ጥፋት መንገድ ዳር መሆኑ ነው። ሰው ወረታ ገበያ ሲወርድም ሲመለስም ያየዋል። ከዚያ ሁሉ ከተኮተኮተ ሩዝ መካከል አንዱን ማሳ ሙጃና አሜከላ ወርሶት ሲያይ እንዴት ዝም ይላል? «የአለኸኝ ልጅ ይኼን ያህል ዘመን የተማረችው ሣር ልታበቅል ነው?» ይሉኛል። እኔ «ለትምህርቷ ነው» ብዬ ወሬ እለውጣለሁ እንጂ ቁጭ ብዬ አላስረዳም። ማስረዳት ነበረብኝ። ግን አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ግጦሹ ሁሉ ታርሶ ሩዝ ሆኗል፤ ሰው አንዲት ላም የሚያቆምበት አጥቶ በድንበር ይካሰሳል። በዚህ መሃል ቆሜ እኔ ደህናውን መሬቴን ለአረም ለቅቄያለሁ ማለት ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ከባሕር ዳር በሐሙሲት በኩል እንግዶች መጡ፤ የሩዝ ጉብኝት ነው ተባለ። እኔም ሞዴል ገበሬ ከሚባሉት ተቆጥሬ ጋቢዬን አጣፍቼ ቆምኩ። የላይኛውን ማሳዬን አይተው አመሰገኑኝ፣ አጨበጨቡልኝ። ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ታዲያ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ ካንቺ ማሳ ላይ ደረሱ። አንደኛው ቆም ብሎ «ይኼ ደግሞ ሩዝ ነው ወይስ ግጦሽ?» አለ። ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እንግዶቹ ብቻ ቢሆኑ ምን ገዶኝ፤ የሳቀው የሰፈሬ ሰው ነው። የማን ነው ብሎ ሲጠይቅም «የእሱው ነው» ብለው ወደኔ አመለከቱ። ያንቺን ነገር የሚያውቀው የግብርና ባለሙያ፣ ይልቃል፣ በሐምሌ ወደ አንበሳሜ ተዛውሯል። በእሱ ቦታ የመጣው አዲሱ ልጅ ምንም ስለማያውቅ አንገቱን ደፋ።

ያኔ «ልጄ ተመራማሪ ናት፣ የምታጠናውም ይኼንኑ ነው» ብል ምን ነበረበት? አልወጣኝም። «የልጄ ማሳ ነው፤ ልጄ ታማብኝ ነው» አልኩ። ሰውዬው ደንገጥ ብሎ ምን አመማት አለኝ። ለዚህስ ቃል አልተናገርኩም። ይኼ የማይረባ እጄ ነው ብድግ ብሎ ወደ ራሴ የሄደው። ጭንቅላቴን ነካሁ። ሳቁ ቀጥ አለ። ሰውዬው እግዜር ይማራት ብሎ አለፈ። እኔም ከሳቁ መገላገሌን እንጂ ሌላ አላሰብኩም።

ወሬው እኔ ቤቴ ሳልገባ ቀድሞኝ ገባ። ስደርስ ሴቶቹ እናትሽን ከበው ተቀምጠዋል። አንቺ ክረምት መግቢያ ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ ያን አራት ማዕዘን እንጨት ወደ ኋላሽ ስትወረውሪ፣ በወደቀበት ተንበርክከሽ ውስጡ ያለውን ሣር ስትቆጥሪ፣ የነቀልሽውን በጋዜጣ መሃል ስታስተኚው አይተውሻል። ዓይን የሚጨፈነው እጅ ወደ ወደደው ቦታ እንዳያዳላ መሆኑን እኔ ከአፍሽ ሰምቻለሁ። እነሱ የት ሰምተው? «እኛማ ያኔውኑ ጠርጥረን ነበር፤ ደፍረን መናገር አቅቶን ነው» አሉ። ትምህርት ሲበዛ ጭንቅላት ያዞራል፣ የእገሌም ልጅ እንዲሁ ሆኖ ነበር እያሉ አወሩ። ማናዬ፣ ያች ባሏ የሞተባት ጎረቤታችን፣ ፀገነት ከዳነችልኝ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ አገባለሁ ብላ ተሳለች። ራሷ ክረምቱን ያሳለፈችው ማዳበሪያ ከረጢት ተከናንባ ነው። ይኼን ስሰማ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እናትሽ በሰው ፊት ቡና ስታቀርብ ቆየች። ሴቶቹ ሲወጡ ግን ልጄ መች ነው የታመመች ብላ አፋጠጠችኝ፤ የሆነውን ነገርኳት። ከዚያ ለት ወዲህ «እንካ» እና «ብላ» ከማለት በቀር ከእሷ ሌላ ቃል አልሰማሁም።

እንቁጣጣሽ ባለፈ ሳምንት ጠዋት ከብት ላወጣ ብል ከማሳሽ በኩል ዘፈን ሰማሁ። ሮጬ ብሄድ የሰፈሩ ሰው፣ ወንዱም ሴቱም፣ ተሰልፎ ያርማል። የጠራቸው ያ ጎረቤታችን ሰውመሆን ነው። የአገሩን ደንብ ታውቂዋለሽ፤ ለታመመና ለሞተበት ሰው ደቦ ሲወጣ ባለቤቱ አይጠየቅም፣ እንዳይቸገርም ምሳውንም ጠላውንም ይዘው ነው የሚመጡ። ለእኔ ያልነገሩኝ ለዚሁ ነው። እኔ ስደርስ ያ እጅ እንዳይነካው ያልሽው ክፍል አልቆ ወደሚቀጥለው ተሻግረዋል። አረሙ በየድንበሩ ተከምሯል፣ ሕፃናት ለጥጃ ይሸከሙታል።

ሰውመሆንን ተው ልለው አፌን ከፈትኩ። እሱ ቀደመኝና እጄን ያዘኝ። «አይዞህ ወንድሜ» አለኝ። «እኛ እያለን የታማሚ ማሳ ዳዋ አይውጠውም።»

ምን ልበለው? በእንግዶቹ ፊት ያሳመምኩሽን በምን አፌ እዚያ መሃል ላድንሽ? ጎንበስ አልኩና አብሬያቸው ነቀልኩ። አዎን፣ እኔም ነቅያለሁ። አደራሽን በልቻለሁ። እንዲያውም እንደኔ የፈጠነ አልነበረም፤ ቶሎ ቢያልቅ ቶሎ ይሄዱልኛል ብዬ ነው።

ችካሉንና ገመዱንም አልተውትም። በፈረንጅ ፊደል የጻፍሽባቸውን ቁርጥራጮች ሲያዩ አንዲት አሮጊት መተቱ ይኸው ተገኘ አለች። ቀልድ እንዳይመስልሽ፣ ሁሉም አመነ። ለቃቅመው ርብ ወንዝ ወረወሩት። ስለዚህ የቱ አንዴ፣ የቱ ሁለቴ የታረመ እንደነበር እንኳ ዛሬ ለይቼ ላሳይሽ አልችልም።

ይኼም አልበቃኝ። በማግስቱ ከቦዩ ዳር አሜከላና እንግጫ ከነሥሩ እየነቀልኩ ማሳሽ ላይ መልሼ ተከልኩ። ገበሬ ሆኜ አረም ተከልኩ ልጄ! ዕድሜ ልኬን ስነቅለው አልሞት ያለኝ አሜከላ ስተክለው ሞተ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጠውልጎ ተኝቷል። አሁን ራሴን የምጠይቀው ያ ቢጸድቅልኝ ኖሮ ይኼን ደብዳቤ እጽፍልሽ ነበር ወይ ብዬ ነው። እንጃ። መጥተሽ የእኔን ተክል የእግዜር መስሎሽ ስትቆጥሪ ዝም ብዬ የማይሽ ይመስለኛል።

እንግዲህ ጥቅምት ሲገባ ልትመጪ ነው። ከመኪና ስትወርጂ ያገኘሽ ሁሉ «እንኳን እግዜር ማረሽ» ይልሻል። አቅፎ የሚያለቅስም አይጠፋ። የንስሐ አባታችን ቄስ አያልነህ ጸበል ሊያስጠምቁሽ አስበዋል። በድንገት እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ቀድሜ የምጽፍልሽ። እና ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። አሜን በያቸው። አሜን ብትዪ ምን ይጎድልሻል? ዳነች ይባላል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል፣ እኔም በስተርጅና ውሸታም አልባልም።

ሰኞ፣ መስከረም 19

ያን ለት እስከዚህ ጽፌ ለእናትሽ አነበብኩላት። አሜን በያቸው ከሚለው ላይ ስደርስ እጇን አንሥታ አስቆመችኝ። «እስካሁን ያሳመምካት አንተ ነህ» አለችኝ። «አሁን ደግሞ ራሷ አሜን ብላ እንድትታመም ነው?» ከዚያ ተነሥታ ወጣች። ያን ቦታ ልሰርዘው ነበር፤ ተውኩት። አባትሽ የት ድረስ እንደሚወርድ እወቂው።

እሷ ከወጣች በኋላ ከራሴ ጋር ተጣላሁ። እስካሁን በአረሙ እንዳፈርኩ አድርጌ ነው የጻፍኩልሽ። ባንቺ ነው ያፈርኩ ልጄ። እኩዮችሽ ወልደው ክርስትና ሲያስነሡ አንቺ ጭቃ ላይ ተንበርክከሽ ሣር ስትቆጥሪ ሳይሽ፣ ሰውም ሲስቅብሽ ስሰማ፣ ምነው እንደ ሰው በሆነች እል ነበር። አንቺ ግን አንድ ቀንም ባባትሽ አላፈርሽም። ያን ጊዜ መምህሮችሽን ይዘሽ ስትመጪ እግሬ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበር፤ ልደበቅ ስል ጎትተሽ አውጥተሽ አባቴ ነው ብለሽ አስጨበጥሽኝ። እኔ ደግሞ ተራው ሲደርሰኝ ያደረግሁት ይኸው ነው።

ስለዚህ ትናንት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰንበቴ ላይ ተነሣሁ። ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ተቀድቷል። አንድ ነገር ልናገር አልኩ። ፀገነት አልታመመችም፣ አንድም ቀን አልታመመችም አልኳቸው። በእንግዶቹ ፊት አፍሬ የዋሸሁ እኔ ነኝ፤ አረሙም ለጥናቷ ሆን ተብሎ የተተወ ነው አልኩ። እንጨቱ ለምን እንደሚወረወር፣ ችካሉ ለምን እንደተተከለ፣ ሁሉን አስረዳሁ። በነሐሴ ያቃተኝን ያን ሁሉ ንግግር አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ። ጉልበታችንን በከንቱ አፈሰስክ፣ ቀለድክብን ብለው ይቆጡኛል፣ ከሰንበቴውም ያስወጡኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር።

ማንም አልተቆጣ። ሁሉም አንገቱን ደፋ። ማናዬ እንባዋን በእጇ ጠረገች። ቄስ አያልነህ ከተቀመጡበት ተነሥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

«አለኸኝ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» አሉኝ። «ለልጅህ ስም ብለህ ራስህን ውሸታም ማድረግህ ነው። አባት እንዲህ ነው።»

«አባታችን፣ የምነግርዎት እውነቱን ነው» አልኳቸው።

«እናውቃለን» አሉ። «ተቀመጥ።»

ሰውመሆን አጠገቡ አስቀምጦ ጠላ ቀዳልኝ። ይኼ ነገር ከዚህ ግቢ አይወጣም ብሎ አጽናናኝ። እኔ ማልኩ፣ ተገዘትኩ፤ በማልኩ ቁጥር ፊታቸው ላይ ያለው ኀዘን ይጨምራል። ስዋሽ ሳልምል ያመነኝ ሰው እውነቱን ምዬ ብነግረው አላመነኝም። አንቺ መጥተሽ ብትነግሪያቸውም የሚያምኑሽ አይመስለኝም። የታመመ ሰው መች ታመምኩ ይላል ነው የሚሉ። እኔ ያሰርኩትን እኔ መፍታት አቃተኝ፤ ይኼን ስጽፍልሽ ዓይኔን ቀና አድርጌ ማየት ያስፈራኛል።

ዛሬ ጠዋት ወደ ላይኛው ማሳ፣ ያ ወደተጨበጨበለት፣ ወጣሁ። የመጨረሻውን አረም ጀምረነው ነበር። ግማሹ ገና እጅ አልነካውም፣ ሣሩ ከሩዙ እኩል ቆሟል። እንደቆመ ተውኩት። የተነካውን ካልተነካው በገመድ ለየሁት። ለጥናትሽ ይርባ አይርባ አላውቅም፤ ከሥሩ እንዳንቺ ተጠንቅቄ የዘራሁት አይደለም፣ የምትፈልጊው ዓይነት ላይሆን ይችላል። ካልረባሽ ደግሞ ለሚመጣው ክረምት የፈለግሽውን ማሳ ምረጪ፣ መንገድ ዳር ያለውንም ቢሆን። ያ ማሳ የዓመት ቀለባችን መሆኑን እናትሽ ከኔ የበለጠ ታውቃለች። የገመዱን ሌላ ጫፍ የያዘችልኝ ግን እሷው ናት።

ሰውመሆን በመንገድ ሲያልፍ አይቶን መጣ። ደክሞህ ከሆነ ይኼንንም በደቦ እናንሣው አለኝ። በአስፋልቱ የሚያልፈው ሁሉ እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ አይታረምም አልኩት። የልጄ ጥናት ነው፣ እጁን የሚያሳርፍበት ሰው ከእኔ ጋር ይጣላል አልኩት። ፊቴን ትክ ብሎ አየኝና ሄደ። ከማዶ ላሉት ሲነግራቸው ግን ነፋሱ ወደኔ ነበርና ሰማሁት። «አባትየውንም ጀመረው» አላቸው።

ይበሉ። አንቺን ብቻሽን ከሚሉሽ ሁለታችንንም ቢሉን ይሻለኛል።

አሜን በያቸው ያልኩሽን እርሺው። ለጠየቀሽ ሁሉ አባቴ ዋሽቶ ነው በይ፤ እኔ አጠገብሽ ቆሜ አዎን እላለሁ፣ ቢያምኑም ባያምኑም። እናትሽ «ጉንጯን ስሜያታለሁ በልልኝ» ብላኛለች። እኔ ያጎደፍኩትን ስምሽን እግዜር ያጽዳልሽ፣ መንገድሽን ያቅና፣ ከክፉ ዓይንና እንደኔ ካለ ፈሪ ይጠብቅሽ። የምትመጪበትን ቀን ለእናትሽ ንገሪያት። ወረታ መናኸሪያ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ሰላም ልትዪኝ ባትፈልጊ እንኳ ሻንጣሽን ልሸከምልሽ።

አባትሽ
አለኸኝ